ሰላምታ የበላው ካርድ

በቀሐ ወንዝ ዳር፣ ከፋሲል መዋኛ አጥር ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን የምቀመጥበት ድንጋይ አለ። ባለፈው ጥቅምት አንድ ቀን ስደርስ ድንጋዬ ተይዞ አገኘሁት። የሰፈራችን የዜማ መምህር መሪጌታ ልዑልቃል ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አቀርቅረዋል።

«የኔታ፣ ደኅና ዋሉ? ምነው ብቻዎን?» አልኋቸው።

«ደኅና ነኝ፣ ልጄ። ገጠር፣ ኮሶዬ ያለችውን እህቴን የትነበርሽን እያነጋገርኋት ነበር። ‹እኔማ፣ አያ ልዑል…› ብላ ስትጀምር ካርዴ አለቀ። ባለፈው እሑድም ‹እኔማ› እንዳለች ነው የተቋረጠው። ድምጿ ደስ አላለኝም።»

«እሷ ብትደውልስ?»

«መደወሉን አታውቅበትም። ሲጮህ ማንሳት ብቻ ነው የምትችለው።»

ይህን ስንነጋገር ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው ጎረቤታችን ሕሊና ወደ ቤቷ ስትመለስ አየችንና ቀረብ አለች። ነገሩን ነገርናት።

«ስንት ደቂቃ አወሩ፣ የኔታ?»

«እኔ እንጃ። ሰላምታውን እንደጨረስን ነው ያለቀው።»

ሕሊና ሳቀች። «ታዲያ ሰላምታውን ያሳጥሩታ! ‹ደኅና ነሽ?› ብሎ ወደ ጉዳይ መግባት ነው።»

የኔታ ቀና አሉ። «ልጄ፣ የእኛ አገር ሰው ስለ ከብቱ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ደብሩ ሳይጠየቅ የራሱን ጭንቅ አያወጣም። ወረብ ከመሃል ይጀመራል? ሰላምታዋን ከቆረጥሁባት ተቆጥቷል ብላ ዝም ትላለች።»

እውነቴን ልናገር፤ በልቤ ከየኔታ ጋር ነበርሁ። ትምህርት ቤት ያስተማረን መቸኮልን ነው። የሰው ልብ ግን ቀስ በቀስ እንጂ በአንድ ጊዜ አይከፈትም።

ሕሊናም ገባት መሰለኝ፣ አጠገባቸው ተቀመጠች። «እውነትዎን ነው። እንግዲያው ሰላምታው ይቆይና ሲም ካርዱን እንቀይረው። አዲስ የመጣው የስልክ ኩባንያ የወር ጥቅል አለው። አሁን ለሳምንት በሚያወጡት ብር ወሩን ሙሉ ያወራሉ፤ ወደ ነባሩ መስመርም ያስደውላል።»

«ርካሽ ነዋ! የርካሽ ዕቃ አንድ እግሩ ሁልጊዜ አጭር ነው።»

«ገበያተኛ ፍለጋ ነው፣ የኔታ። አዲስ ሱቅ የከፈተ ሰው ስኳሩን ቀነስ አድርጎ አይሸጥም?»

«ቁጥሬስ? ያስተማርኋቸው ልጆች ጃናሞራም አሉ፣ ዳባትም አሉ። ሁሉም የሚያውቁት ይህን ነው። ደውለው ቢያጡኝ ሞተዋል ይሉኛል!»

«ጠላትዎ ይሙት!» አለች ስልካቸውን ተቀብላ ጀርባውን እየከፈተች። «ይዩት፤ ሁለት ሲም ካርድ ይይዛል። አሮጌው እዚሁ ይቀመጣል፤ የደወለልዎት ሁሉ ያገኝዎታል፤ ለማንሳት ደግሞ አይከፈልም። በአዲሱ እርስዎ ይደውላሉ።»

የኔታ ባዶውን ቦታ ትክ ብለው አዩት። «ይህ ሁሉ ዓመት አንዱ ክፍል ባዶውን ኖሯል?» አሉ፣ ቤቱ ያለ ተከራይ እንደ ከረመበት ባለቤት እየቆጫቸው።

እጅ ግን አልሰጡም። «ሌላም ነገር አለ። ወሬ ሲረክስ እግር ያጥራል። ሁልጊዜ ካነጋገርኋት ምኗ ናፍቆኝ ማኪና እሳፈራለሁ?»

ይህ እንደ ቀላል የሚታለፍ ነገር አይደለም። ሕሊና ግን ጠየቀቻቸው።

«ባለፈው ገና ሄደዋል፣ የኔታ?»

«ማሕሌት ነበረብኝ።»

«ለፋሲካስ?»

መልሱን ሳትጠብቅ የራሷን ስልክ አወጣች፤ በአዲሱ መስመር ነበርና የእህታቸውን ቁጥር ከስልካቸው አይታ መትታ ሰጠቻቸው። «ይሞክሩት። ኔትወርኩ ኮሶዬ መድረስ አለመድረሱንም በዚያው እናያለን። እንደ ልብዎ ያውሩ።»

ጠራ። ተነሳ። ድምፁ ለሁላችንም ይሰማ ነበር። እንዴት ከረማችሁ ተባለ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተባለ። ላሚቱ ሸጋ ጥጃ ወልዳለች። ገብሱን ውርጭ ነካክቶታል። የጎረቤት የወለተ ሚካኤል ልጅ ተድራለች። የደብሩ ጣራ ተጠግኗል። ከዚያ ዝምታ ሆነ። የኔታ አለቀ ብለው ስልኩን ከጆሯቸው አራቁት። አላለቀም ነበር።

«እኔማ፣ አያ ልዑል» አለች የትነበርሽ፣ «ዓይኔ ጨልሟል። የቀኙ ከሰኔ ወዲህ ጨርሶ ጠፍቷል፤ ግራውም ጭጋግ ነው። ትናንት እጄን እሳት ውስጥ ከተትሁት።»

«ምነው እህቴ! ምነው ሳትነግሪኝ?»

«መች እዚያ ደረስንና! ስልኩ ይቋረጣል።»

የኔታ፣ «ነገ በመጀመሪያው ማኪና እመጣለሁ። እስከዚያ እሳት አጠገብ እንዳትሄጂ» አሉ።

ስልኩን ለሕሊና እንደመለሱ «ሲም ካርድ የሚሸጠው ሱቅ ስንት ሰዓት ይዘጋል?» አሉ። ተያይዘን ወደ ፒያሳ ወጣን። መታወቂያቸውን ሰጥተው ሲም ካርዱን ሲያወጡ ሕሊና እየደጋገመች አስጠነቀቀቻቸው፦ ጥቅሉ ወር ሲሞላ ያበቃል፣ ካልታደሰ አይሠራም፤ ሻጩ የሚልዎትን ሳይሆን ለሚደውሉለት ሰው የሚስማማውን ይምረጡ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ሲም ካርዳችሁ አባት ያወረሳችሁ ርስት አይደለም፤ የሚሻላችሁ ከመጣ፣ ኔትወርኩም ዘመዶቻችሁ ዘንድ የሚደርስ ከሆነ፣ ለውጡት። ከወጪ የሚተርፋችሁ ጥቂት ብር ነው። የሚበልጠው ትርፍ ግን ፈሪ ሰው ጭንቁን እስኪያወጣ የምትጠብቁበት ጊዜ ማግኘታችሁ ነው። የትነበርሽ አምስት ወር ሙሉ ያጣችው እሱን ነበር።

የኔታ በማግሥቱ እህታቸውን ከኮሶዬ አምጥተው ሆስፒታል ወሰዷት፤ ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው አለ። የቀኙን በቀዶ ሕክምና ገፈፈላት። ፋሻው በተፈታ ዕለት እኔና ሕሊና በሩ ላይ ቆመን ነበር። የትነበርሽ ዓይኗን ጨፈን ገለጥ አደረገች። ወንድሟን ለረጅም ጊዜ አየቻቸውና እጇን ወደ ጢማቸው ሰደደች።

«አያ ልዑል፣ እንዲህ ሸብተሃል? በስልክማ ደኅና ነኝ ትለኝ ነበር።»