ያልተነበበችው መስመር

(በወሎ አንዲት ከተማ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ፤ አስራ አራት ላፕቶፖች በተደረደሩበት ጠረጴዛ ዙሪያ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እትዬ ዘነቡ እና የአይሲቲ መምህሩ ስጦታው ተፋጠዋል።)

ዘነቡ፦ አልፈርምም አልኩህ፣ አልፈርምም!

ስጦታው፦ እትዬ ዘነቡ፣ ላፕቶፖቹን የሚወስደው መኪና እኮ በር ላይ ቆሟል። ሾፌሩ ሁለቴ ጡሩንባ ነፋ።

ዘነቡ፦ ሦስተኛም ይንፋ። እነዚህ ላፕቶፖች የተመዘገቡት በእኔ ስም ነው። እኔ ካልፈረምኩ አንዱም ከዚህ በር አይወጣም።

ስጦታው፦ ምን ያደርጉልዎታል? ዋይፋያቸው ሞቷል። የልጆቹ የፈተና ልምምድ በኢንተርኔት፣ ፈተናውም በኢንተርኔት። ይወገዱና በምትካቸው አዲስ ይመጣል ተብሏል።

ዘነቡ፦ መቼ?

ስጦታው፦ ለሚቀጥለው ዓመት።

ዘነቡ፦ የልጆቹ ፈተናስ?

ስጦታው፦ የዛሬ ሦስት ሳምንት።

ዘነቡ፦ በል እንግዲህ! ለመሆኑ ሞቷል ያለው ማን ነው?

ስጦታው፦ እኔ ነኛ! ባለሙያው እኔ አይደለሁ? «የውስጥ ዋይፋይ ካርዳቸው ተቃጥሏል፣ አይጠገንም» ብዬ ፈርሜበታለሁ።

ዘነቡ፦ አስራ አራቱም? ባንድ ቀን? አስራ አራት ሰው ባንድ ጀምበር ቢሞት፣ ቀባሪው እንኳ ምን ገደላቸው ብሎ ይጠይቃል።

ስጦታው፦ እሱን… እንዲያ አላሰብኩትም።

ዘነቡ፦ አስበው። የድሮው ሲስተም በቫይረስ ተጨማልቆ አላላውስ ሲል፣ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም የጫንክባቸው አንተ ነህ። እስከዚያች ቀን ዋይፋይ ይይዙ ነበር። በማግስቱ እምቢ አሉ።

ስጦታው፦ የቀየርኩት ለበጎ ነው!

ዘነቡ፦ ለመቀየርህማ መርቄሃለሁ። እንደ ኤሊ ይጎተቱ የነበሩት ዛሬ ይበራሉ። ዋይፋዩን ግን ሳትመረምር ቀበርከው።

ስጦታው፦ ሞክሬያለሁ እኮ! አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ እንደገና ጫንኩ። የዋይፋይ ምልክቷ ጭራሽ የለችም። በዚያ ላይ ርእሰ መምህሩ፣ ጋሽ መኳንንት፣ «ሪፖርቱን ዛሬውኑ» ብለው በላዬ ላይ ቆሙ።

ዘነቡ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ና እስቲ፣ እዚህ ተቀመጥ።

ስጦታው፦ ይሄን ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ማን ከፈተልዎት?

ዘነቡ፦ ራሴ። መደርደሪያው ላይ ማንም ያልገለጠው የሊኑክስ መጽሐፍ ነበር፤ አውርጄ ሦስት ቀን አነበብኩት። «ካርዱ መኖሩን ለማወቅ ይህን ጻፍ» ይላል፤ ጻፍኩ። ይኸው፣ ካርዱ ከነስሙ። የተቃጠለ ዕቃ ስሙን ይናገራል?

ስጦታው፦ አለ… አለ እንዴ!

ዘነቡ፦ ወደ ታች ውረድ። ላፕቶፑ ሲነሣ የሚጽፋት መስመር አለች። እሷን በአማርኛ ንገረኝ፤ እኔ በመዝገበ ቃላት ነው የፈታኋት፣ እንዳልሳሳት።

ስጦታው፦ «የካርዱ ፈርምዌር አልተገኘም» ይላል። ካርዱን የሚያስነሣው ፋይል የለም ማለት ነው። የፋይሉንም ስም ጽፎታል።

ዘነቡ፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ! አየህ ልጄ፣ አልተቃጠለም። የጎደለውን በስሙ እየጠራ ሲለምንህ ነው የከረመው። አንተ አየኸው እንጂ አላነበብከውም።

ስጦታው፦ ፋይሉ ለብቻው የሚወርድ ነው፤ ሊኑክሱ አብሮ አልያዘውም። ግን እትዬ፣ ፋይሉን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ፋይሉ። ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ዘነቡ፦ ስልክህን ወዲህ በል።

ስጦታው፦ ስልኬን ምን ሊያደርጉት?

ዘነቡ፦ ስልክ በቻርጀር ገመድ ላፕቶፑ ላይ ከተሰካ ኢንተርኔቱን ያካፍላል ይላል መጽሐፉ። የእኔ ባለቁልፍ ነው፤ ከሃሎ አያልፍም። ደግሞ ልጫን ስል የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል፤ እሱን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። ያለዚያማ እስካሁን ማን ይለምንህ ነበር?

ስጦታው፦ ቆይ… ቆይ እትዬ። ይሄ ከሠራ ያ ወረቀቴ ምን ሊሆን ነው? ፊርማዬ አለበት፣ ማኅተም አለበት…

ዘነቡ፦ ውሸት ይሆናላ።

ስጦታው፦ እንዲህ በቀላሉ! የመምህራኑን አፍ ያውቁት የለ? «የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ ያወቀችውን እሱ አላወቀም» ሲሉኝ ነው የሚከርሙት።

ዘነቡ፦ ይበሉሃ! እኔን ሠላሳ ዓመት «አቧራ አራጋፊዋ» ሲሉኝ ኖረው ሞትኩ? መቶ ስልሳ ልጅ ፈተና ሊቀመጥ ነው፤ ግማሹ ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም። ማውሱን እንዴት እንደሚይዝ ያን ቀን ይማር? ካልሰካህ ወንበሬን በሩ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። ጫኚዎቹ እኔንም ከላፕቶፖቹ ጋር ይጫኑኝ!

ስጦታው፦ …ገመዱ የት አለ?

ዘነቡ፦ ይኸውልህ።

ስጦታው፦ እስቲ ዞር ይበሉ፣ የይለፍ ቃሉን ልጻፍ።

ዘነቡ፦ ዞርኩ። ሌባ አስመሰልከኝ መቼም።

ስጦታው፦ ኔትወርኩ ደክሟል… ጀመረ። አስር በመቶ። አስራ ስምንት።

ዘነቡ፦ ስልክህ ይጮሃል።

ስጦታው፦ ጋሽ መኳንንት ናቸው! ላንሣው።

ዘነቡ፦ ብታነሣው አይቋረጥም?

ስጦታው፦ እዚህ ሰፈር ስልክ ከተነሣ ኢንተርኔቱ ቀጥ ይላል፤ እንደገና ከዜሮ ነው። ግን አለቃዬ ናቸው፣ እትዬ!

ዘነቡ፦ እኔ አልከለክልህም። ስልኩም ያንተ፣ አለቃውም ያንተ።

ስጦታው፦ …ይደውሉ! አላነሣም። አርባ በመቶ።

ዘነቡ፦ ጎሽ!

ስጦታው፦ ሰባ… ዘጠና… ወረደ። ጫንኩት። አሁን አጥፍቼ ላስነሣው።

ዘነቡ፦ ምነው ዘገየ?

ስጦታው፦ ዝም ይበሉኝ እስቲ። ተነሣ… እትዬ! እትዬ ዘነቡ፣ ይዩ! ምልክቷ መጣች! የአስተዳደሩ ዋይፋይ፣ የመምህራኑ ዋይፋይ፣ ማዶ ያለው ፋርማሲ ሳይቀር ተደረደረ!

ዘነቡ፦ እልል እል ነበር፤ ምን ላድርግ፣ ቤተ መጻሕፍት ነው።

ስጦታው፦ አንዱ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። አስራ ሦስቱን ዛሬውኑ… ኧረ ድጋሚ ደወሉ።

ዘነቡ፦ ለእኔ ስጠኝ። «እኔ ነኝ የከለከልኩት» እላቸዋለሁ። ቁጣውን እችለዋለሁ፤ ጡረታዬም ደርሷል።

ስጦታው፦ አይሆንም፣ ይተዉልኝ። …አቤት፣ ጋሽ መኳንንት። አዎ፣ መኪናው እንደቆመ ነው። የለም፣ አልጫንንም፤ አንጭንምም። እትዬ ዘነቡ አይደሉም፣ እኔ ነኝ ያስቆምኩት። ላፕቶፖቹ ደህና ናቸው፣ ጋሼ፤ ያን ወረቀት የጻፍኩት ሳላነብ ነው።