ከአስካለ የሰረቅሁት ሠላሳ አራት ቀን

በእኛ ጊዜ ሳንባው የታመመ ሰው ቀኑ አይቆጠርለትም ነበር፤ እግዜር የፈቀደለትን ያህል አስሎ ያልፋል፣ በቃ። ለአስካለ ግን ተቆጠረላት። መቶ ሰማንያ ቀን። አንቺ የምትጽፊው ልጅ፣ ቁጥሩን አስተካክለሽ ያዢው፤ መቶ ሰማንያ ቀን፣ በቀን ስድስት ፍሬ ኪኒን። የሚስቴ ነፍስ በዚያ ላይ ነበረች። እና ከዚያ ውስጥ ሠላሳ አራቱን ቀን የሰረቅሁት እኔ ነኝ።

ሌባ ሆኜ አይደለም። አገሩን ጠይቁ። እኔ ከአባቴ የወረስኩት አንዲት ነጭ በግና የማትረባ ቁራጭ መሬት ነው፤ የቀረውን በግ ቆጥሬ፣ ገብስ ሰፍሬ፣ ከአፌ ነጥቄ ነው ያመጣሁት። ጎተራዬን ከውጭ በጣቴ አንኳኩቼ ስንት ቁና እንደቀረ በድምፁ አውቃለሁ። ታዲያ ጉድ የሠራኝ ይኼው ነው።

አስካለ ይቺትላችሁ፣ እዚያ ባና ተከናንባ የተቀመጠችው። ሳል ጀመራት፤ የጓሳ ተራራ ነፋስ ነው አልን። ጠበል ሄደች። ጤና ጣቢያ ሄደች፣ የተለመደውን የሳንባ ነቀርሳ ኪኒን ዋጠች፣ አልለቅ አላት። በኋላ መሐል ሜዳ ከተማ አክታዋን ተቀበሉና ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላኩት፤ መልሱ መጣ። «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነው» አሉን። ታላቅ ወንድሜ እንዲሁ ሲያስል ሲያስል ነው ያለቀው፣ አይቻለሁ እኮ፣ አንሶላው ላይ ያለውን ደም አይቻለሁ።

ትልቁ ሆስፒታል ሄድን። አፍና አፍንጫውን የሸፈነ ወጣት ዶክተር አስቀመጠንና፣ «አባባ፣ እዚህ ጥናት አለን» አለኝ። «ሁለት ሕክምና እያነጻጸርን ነው። አንዱ የቆየው ነው፣ አሥራ ስምንት ወር ይወሰዳል። ሌላው አዲስ ነው፣ ስድስት ወር ብቻ። አንገባም ካላችሁም የቆየው ሕክምና አይቀርባችሁም።»

«የትኛው ይሻላል ታዲያ?»

«እሱን ነው የምናጠናው። ገና አላወቅንም።»

በማርያም! ሐኪም «አላወቅንም» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

«እና ለእሷ የቱ እንደሚሆን ማን ይመርጣል?»

«ማንም አይመርጥም። ዕጣ ነው፤ ኮምፒዩተር ያወጣዋል።»

«ኮምፒዩተር!» አልኩት። «ልጄ፣ እኛ የጓሳን ሣር ስንካፈል እንኳ ዕጣው የሚጣለው ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ ነው። የአንተን ዕጣ ማን አየው?»

አስካለ ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆኖባት እያቃሰተች፣ «ኧረ ተዉት አንቱ ሰውዬ! ዕጣውን የያዘው እግዜር ነው። እኔ ፈቅጃለሁ» አለች፤ አለችና ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች።

አጭሩ ወጣላት። እነሱ ደስ አላቸው፣ እኔን ግን ከነከነኝ። ለአንዱ አሥራ ስምንት ወር፣ ለእኛ ስድስት? ገበያ ላይ ለጎረቤትህ ሦስት ቁና ሰፍረው፣ ለአንተ አንድ ቁና ሰፍረው፣ «ያው ነው» ቢሉህ ታምናለህ? እኔ አላመንኩም፤ ግን ዝም አልኩ።

ኪኒኑን የምትሰጠን ሲስተር ሰብለ ናት። «አባባ፣ ደጋፊዋ እርስዎ ነዎት» አለችኝ። «በየጠዋቱ በእጅዎ ይስጧቸው፣ ሲውጡ ይዩ፣ ካርዱ ላይ ምልክት ያድርጉ። በየወሩ ባዶውን ማሸጊያ ይዘውልኝ ይምጡ፣ እቆጥራለሁ።»

«መቁጠሩን እንኳ ለእኔ ተዪው» አልኳት።

ሁለት ወር እንደ ታቦት ጠበቅሁት። መስኮት ክፈቱ ስላሉን በዚያ ውርጭ መስኮት ከፍተን ተቀመጥን፣ የልጅ ልጆቻችንን ከደጃፍ መለስናቸው። እና እውነትም ሳሉ ቆመ፣ ጉንጯ ሞላ፣ አክታዋ ንጹሕ ነው ተባለ። ይኼኔ ነው ሐሳብ የመጣብኝ። ጥናት ነው የሚሉት አይደል? ጥናት ያልቃል፣ መኪናቸውን አስነስተው ይሄዳሉ። ስንቱ ፕሮጀክት መጥቶ ታፔላውን ትቶልን ሄዷል! በሽታው ቢመለስስ? በባዶ እጄ? እህል ሲያንስ ምን ይደረጋል ልጆቼ፣ ንገሩኝ እስቲ፤ ይቆጠባል፣ ለዘር ይቀመጣል። ታዲያ በሦስተኛው ወር አንድ ቀን መስጠት፣ አንድ ቀን መዝለል ጀመርኩ።

«የዛሬው የታለ?» አለችኝ አስካለ።

«ስለተሻለሽ ቀን እየዘለልሽ ውሰጂ ብላለች ሲስተር።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«መቼ ዋሽቼሽ አውቃለሁ?»

የዘለልኩትን ቀን ኪኒን ከማሸጊያው እያወጣሁ በወረቀት ጠቅልዬ ቅል ውስጥ፣ ቅሉን ደግሞ ጎተራው ውስጥ፣ የዘር ገብሱ ሥር። ካርዱ ላይ ምልክቱን አደርጋለሁ። ባዶ ማሸጊያውን ይዤ እሄዳለሁ። ሲስተር ሰብለ ትቆጥርና፣ «ልክ ነው አባባ! እንደ እርስዎ ያለ ደጋፊ የለኝም» ትለኛለች። እና ኮራሁ። ልብ አድርጉ፣ ኮራሁ!

አምስተኛው ወር በገባ በስምንተኛው ቀን፣ ጠዋት በጎቹን ላወጣ ስል ከቤት ውስጥ ሰማሁት። አንዴ። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ያን ሳል አውቀዋለሁ፤ የወንድሜ ሳል ነው። የበረቱን በር እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ብርድ ይሆናል አልኩ፣ ጢስ ይሆናል አልኩ፣ ውስጤ ግን አውቋል።

አክታዋን ወሰዱ። ከቀናት በኋላ ሲስተር ሰብለ ደወለችና፣ «አባባ፣ ነገ ሁለታችሁም ኑ» ብላ ዘጋችው። ሰላምታ እንኳ የላት።

«ጀርሙ ተመልሷል» አለ ዶክተሩ። እስክሪብቶውን አነሳ። «አዲሱ መድኃኒት አልሠራላቸውም ብለን እንመዘግባለን።»

«ያ መዝገብ ምን ያደርጋል?»

«የዳነውንም ያልዳነውንም እንቆጥራለን አባባ። ለሌላው ሕመምተኛ የቱ እንደሚታዘዝ የሚወሰነው በዚያ ቆጠራ ነው። ለእሳቸውም ቢሆን ቀጥሎ የምንሰጠውን የምንመርጠው ይኼንን ይዘን ነው።»

ብናገር አስካለ ትሰማለች። ዝም ብል በእኔ የውሸት ቁጥር ተመርተው ሌላ መድኃኒት ሊያስውጧት ነው፤ የማላውቀው ሰው ሁሉ ደግሞ በእኔ ቁጥር ሊታከም ነው። የብዕሩ ጫፍ ወረቀቱን ሊነካ ሲል፣ «ተው፣ አትጻፈው!» አልኩ። «ቁጥሩ ውሸት ነው።»

«ምን ማለትዎ ነው?» አለች ሲስተር ሰብለ። «እኔ ራሴ ቆጥሬዋለሁ እኮ!»

«ባዶውን ነው የቆጠርሽው ልጄ። የሠላሳ አራት ቀኑ ኪኒን ጎተራዬ ውስጥ አለ።»

አስካለ ወደ እኔ ዞረች። «ሲስተር ናት ያዘዘችው አላልከኝም?» አለችኝ። ከተጋባን ጀምሮ አንቱ እንጂ አንተ ብላኝ አታውቅም።

ዶክተሩ አልጮኸብኝም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «አባባ፣ ጀርሙ በግማሽ መድኃኒት አይሞትም» አለኝ። «መድኃኒቱን ይለምደዋል። ለምዶት ከሆነ የሚቀረን ምርጫ ጥቂት ነው።»

«መልመዱ መቼ ይታወቃል?»

«ላቦራቶሪ ውስጥ ጀርሙን አሳድገን ነው የምናየው። ሳምንታት ይፈጃል።»

አርባ ሁለት ቀን ፈጀ። እሷን አስተኟት፣ እኔ ግቢው ውስጥ ከመስኮቷ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ እየተቀመጥኩ ሳሏን እቆጥር ነበር። ዛሬ ሃያ ሦስት። ዛሬ ሠላሳ። ዛሬ ደግሞ ምንም የለም፤ የለም ስል የበለጠ ፈራሁ፣ ተነሥቼ በመስኮት አየኋት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አዎ፣ አዞርኩ! እሱንም ጻፊው» (ይኼን ያሉት አስካለ ናቸው።)

ጻፊው፣ ጻፊው። ታዲያ በአርባ ሁለተኛው ቀን ሲስተር ሰብለ እየሮጠች መጣች። «አባባ፣ አልለመደውም! ጀርሙ መድኃኒቱን አልለመደውም!» መሬቱን ሳምኩ። መዝገቡ ላይም መድኃኒቱ አልሠራም ሳይሆን በአግባቡ አልተወሰደም ተብሎ እውነቱ ተጻፈ። ከአጭሩ ግን፣ አንዴ ስለተቆራረጠ፣ አስወጧትና ወደ ረጅሙ አዛወሯት። አሥራ ስምንት ወር፣ አንድ ቀን ሳይዘለል። ኪኒኑን በእጇ የምትሰጣት የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ልጅ ናት፤ እኔ ከደጅ ሆኜ ነው የማየው። ጨረሰች፣ ዳነች ተባለ።

እንግዲህ ሒሳቡን ያዢልኝ። ቆጠብኩ ያልኩት ሠላሳ አራት ቀን። የከፈልኩት አሥራ ስምንት ወር። ከአስካለ ላይ የተቀነሰ፣ የቀኝ ሳንባዋ ተኮማትሯል፤ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ስትወጣ ሁለት ጊዜ ታርፋለች። ከመድኃኒቱ ብዛት የእግሯ ጣት ደንዝዟል። ትርፉ፣ ይቺትላችሁ፣ አለች፤ ተናግራ ታሳፍረኛለች፣ አንቱ ወደ ማለቱም ተመልሳለች። ይኼ ትልቅ ትርፍ ነው፣ አልክድም። ግን ውሃ እንኳ ባቀብላት፣ ሳትጠጣ በፊት ጣሳው ውስጥ ምን እንዳለ ታያለች። እሱን በየትኛው ቁና እንደምሰፍረው አላውቅም።