የሼፍ ዳምጠው ዶሮ

(ሐይቅ ዳር፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፤ የሜዳ ላይ ምግብ አሰራር አሰልጣኙ ዳምጠውና በፊት አብራው ትሠራ የነበረችው ስንዱ ከሚጨስ እሳት አጠገብ ቆመዋል፤ ሠልጣኞቹ፣ ማለትም የስንዱ የአሁኑ መሥሪያ ቤት ሰዎች፣ ራቅ ብለው ድንኳን ይተክላሉ።)

ዳምጠው፦ አንቺ ሴትዮ፣ እንደ ሐውልት ቆመሽ ከምታዪኝ አንድ ነገር አትይም? ዓይኔ ጠፋ እኮ በጢሱ!

ስንዱ፦ ምን ልበል? ሼፉ አንተ፣ እኔ ሠልጣኝ። ጠዋት አውቶቡስ ላይ ማይክ ጨብጠህ «ምግብ ማብሰል ጭራሽ የማያውቅ ሰው አለ?» ስትል እጄን አላወጣሁም?

ዳምጠው፦ እጅሽን ስታወጪ ነዋ ያየሁሽ! ክው አልኩ። እዚህ መሥሪያ ቤት መቀጠርሽን ማን ነገረኝ?

ስንዱ፦ ክው ማለትህንማ አይቻለሁ። ቶሎ ብለህ «አይዞሽ እናት፣ ከዜሮ እንጀምራለን» አልከኝ። ከዜሮ! ማማሰያ አያያዝ ያስተማርኩህን እኔን!

ዳምጠው፦ ሰው ፊት ምን ልበልሽ ታዲያ? በይ ተይው አሁን። ይሄ እሳት ምን ነክቶት ነው?

ስንዱ፦ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከነቅጠሉ ማግደህ «ምን ነካው» ትላለህ? አንተ ነካኸው።

ዳምጠው፦ መንደዱንማ ነዷል። ነበልባሉ አይታይሽም?

ስንዱ፦ በነበልባል ዶሮ አይበስልም፣ ይለበለባል እንጂ። ደረቅ እንጨት ታነዳለህ፣ ፍም እስኪሆን ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ነው ሽቦው ላይ የምትጥደው። ለጀማሪ የሚነገረው የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው፤ አንተ ግን ዘለልከው።

ዳምጠው፦ ሰዎቹ በረሃብ አለቁ፣ ፍም እስኪሆን ማን ይጠብቃል?

ስንዱ፦ ቆሎ ታዞርላቸዋለህ። ለብዙ ሰው የሚያበስል ሰው አስቀድሞ ቆሎ ያዞራል። ዶሮውንስ ብትል፣ ማነው ሙሉ ሙሉውን ስቀል ያለህ? ብልት ብልቱን አውጥተህ ቢሆን ኖሮ ቶሎ ይደርስልህ ነበር።

ዳምጠው፦ ሙሉው ነዋ ለፎቶ የሚያምረው!

ስንዱ፦ እንግዲያው ፎቶውን አብላቸው።

ዳምጠው፦ እባክሽ ስንዱዬ፣ እጅሽን አስገቢበት። ስለ ድሮው ብለሽ።

ስንዱ፦ ስለ የቱ ድሮ? ፀሐይ ላይ የዋለውን ሥጋ «ሸቷል፣ ጣለው» ብዬህ፣ ውሃ ልቀዳ ዞር ስል ድስቱ ውስጥ ስለከተትክበት ድሮ? ወይስ የሰርጉ እንግዳ ሁሉ ሲያስመልሰው አድሮ፣ ጠዋት «ስንዱ እጇን ሳትታጠብ ነው» ስላልክበት ድሮ?

ዳምጠው፦ ኧረ ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል! ያለፈ ነገር ነው፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ስንዱ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። አንተስ ለምን አትረሳ፣ ምን ጎድሎብህ!

ዳምጠው፦ የምግብ ዝግጅት ድርጅታችን ገና ዳዴ የሚል ነበር። ያን ቀን ከሁለት አንዳችን መውደቅ ነበረብን።

ስንዱ፦ እና እኔን ገፈተርከኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ሰርግ የሚደግስ ሁሉ ስልኬን ማንሳት አቆመ። እሱስ ይሁን፣ ሥራ ነው፣ ሌላ ይገኛል። ጎረቤታችን እማማ ዘነቡ ሲሞቱ የሆነውን ታውቃለህ?

ዳምጠው፦ ከየት አውቃለሁ?

ስንዱ፦ እድሩ ድንኳን ተክሎ ሴቶቹ ጓዳ ገብተዋል። እኔም ነጠላዬን አደግድጌ ገባሁ፣ ሽንኩርት ልልጥ ቢላዋ አነሳሁ። የጓዳ ኃላፊዋ ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችውና «አንቺ ከእንግዶቹ ጋር ተቀመጪ» አለችኝ። በገዛ ሰፈሬ፣ ከእንግዶቹ ጋር! ሌሎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ አንዷ እንኳ ቀና ብላ አላየችኝም። ሰው ሁሉ ለእማማ ዘነቡ ያለቀስኩ መሰለው።

ዳምጠው፦ እ... ይሄን አልሰማሁም።

ስንዱ፦ አትሰማማ! አንተ ያኔ ቲክቶክ ላይ የኔን አልጫ «የራሴ ፈጠራ ነው» እያልክ ሰው ታስጨበጭብ ነበር።

ዳምጠው፦ እሺ፣ ምን ላድርግልሽ? ነይ ተመለሺ፣ አብረን እንሥራ። «ሼፍ ስንዱ» ብዬ ፖስተር ላይ በትልቁ አወጣሻለሁ።

ስንዱ፦ ስሜን ጭቃ ላይ ረግጠህ ስታበቃ ፖስተር ላይ ልታሰጣው? አልፈልግም። የምፈልገውን ልንገርህ። እነዚያን ሰዎች ጥራቸው፣ እሳቱን ከበው ይቀመጡ። ከዚያ በአፍህ፣ በዚያ ሰው በሚያስቀው አፍህ፣ «የተበላሸውን ሥጋ የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ስንዱን ዋሸሁባት» በል። ይሄን ብቻ። እሳቱን ለኔ ትተወዋለህ፣ ጣት የሚያስቆረጥም እራት አበላልሃለሁ።

ዳምጠው፦ አብደሻል? አለቃችሁ እዚያ ካስማ እየመታ ነው! እራቱን ከወደደው የዓመቱን ጉዞ በሙሉ ለኔ ሊሰጠኝ ነው። እሱ ፊት ነው «ሰው አሳምሜ አውቃለሁ» የምለው?

ስንዱ፦ እኔን በአገሩ ሁሉ ፊት ስታዋርደኝ አልከበደህም።

ዳምጠው፦ እንደሱ ከሆነ እኔም አፍ አለኝ። ባልደረቦችሽ ማን እንደሆንሽ ያውቃሉ? አያውቁም! «ያቺ ሰው የመረዘችው ወጥ ሠሪ ይቻትላችሁ» ልበላቸው? ማንን እንደሚያምኑ እናያለን፤ እኔን አገር ያውቀኛል። ፈራሽ አይደል?

ስንዱ፦ ልክ ነህ፣ እፈራለሁ። ለአንዳቸውም አልነገርኩም። ሁሉም ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ከፍቶ አብሮ ሲበላ፣ እኔ የምሠራበትን ንብረት ክፍል ዘግቼ ለብቻዬ ነው የምበላው። ነገ አንዱ ሆዱን ቢቆርጠው «ከሷ ቀምሼ ነው» እንዳይለኝ። ይሄንን ነው ያወረስከኝ።

ዳምጠው፦ እንግዲያው ተግባባን። አንቺም ዝም፣ እኔም ዝም። ይኸው እየጠሩኝ ነው። መጣሁ ልጆች! ደርሷል! ሰሃናችሁን ያዙ!

ስንዱ፦ ምኑ ነው የደረሰው? እስቲ አንዱን ታፋ ገንጥለው።

ዳምጠው፦ ምን ያስገነጥለዋል፣ ጠቁሮ የለ?

ስንዱ፦ መጥቆር መብሰል ነው እንዴ? ገንጥለው እኮ ነው የምልህ! ... ይኸው፣ አጥንቱ ሥር ያለው ምንድን ነው?

ዳምጠው፦ ትንሽ ቀላ ብሏል፣ ሌላ ምን አለው? ሚጥሚጣ እነሰንስበታለሁ። ደግሞ እየመሸ ነው፣ ማን ያየዋል?

ስንዱ፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ደም መሆኑን አሳምረህ ታውቃለህ። ዳምጠው፣ ይሄ ነገር ሰው ይጥላል።

ዳምጠው፦ ታዲያ አስተካክይልኛ!

ስንዱ፦ ተናገር፣ አስተካክላለሁ።

ዳምጠው፦ አልናገርም!

ስንዱ፦ እሺ፣ አንተ ቅመሰው። ሠሪ ሳይቀምስ ለሰው አያቀርብም። እንካ፣ ጉረስ።

ዳምጠው፦ እኔ... እኔ ጨጓራዬን ያመኛል።

ስንዱ፦ ጨጓራህን! የነሱስ ጨጓራ ከብረት ነው የተሠራው?

ዳምጠው፦ ወጣቶች ናቸው፣ ምንም አይሆኑም። ይልቅ ያን ትሪ አቀብይኝ፣ ላውጣው።

ስንዱ፦ አንድ ነገር ልንገርህና አቀብልሃለሁ። ከጠዋት ጀምሮ፣ ይሄን ማገዶ ስትከምር ካየሁህ ጊዜ ጀምሮ ምን ሳስብ እንደዋልኩ ታውቃለህ? «ዝም በይ ስንዱ፣ ያቅርብ» እያልኩ ነበር። ይብሉት፣ ይታመሙ፣ ያንተም ስም እንደ ስሜ አፈር ይብላ። ሐሳቡ እንዴት እንደጣፈጠኝ! ምሳ እንኳ አላሰኘኝም።

ዳምጠው፦ እግዚኦ! እንዲህ ያለች ክፉ ሰው ነሽ?

ስንዱ፦ ክፉ አድርገኸኛል። ግን ብሌንን ታያታለህ? ያችውና፣ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰችው። ነፍሰ ጡር ናት። አንድ ቀን ንብረት ክፍል በሩን ገፍታ ገብታ፣ «አትንኪው» እያልኳት በግድ ከምሳ ዕቃዬ ጎርሳ፣ «እንዲህ እየሠራሽ ነው የምትደብቂን?» አለችኝ። እሷ ይሄን እንድትበላ ላንተ በቀል ብዬ ዝም ልበል?

ዳምጠው፦ እሷን «አንቺ ይቅርብሽ» እላታለሁ። አለቀ። ትሪውን አምጪ አልኩሽ!

ስንዱ፦ ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠይቅህ። ትናገራለህ?

ዳምጠው፦ ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምመልስልሽ። ጥርስ ይነቀላል እንጂ አልናገርም! አምጪው በቃ... እሰይ። አንድ፣ ሁለት... ሁሉም ወጣ። በይ ዞር በይልኝ፣ አለቃችሁ ቆሞ እየጠበቀ ነው።

ስንዱ፦ ስጠኝ፣ እኔ ልያዝልህ።

ዳምጠው፦ ተባረኪ። ድሮም እኮ ልብሽ... ስንዱ! ወዴት ነው? ወደ አመዱ ምን ያስጠጋሻል? ተይ! ኧረ ተይ! አንቺ! ደፋሽው? ዶሮውን በሙሉ ደፋሽው?

ስንዱ፦ በሙሉ።

ዳምጠው፦ «ካልበላሁት ጭሬ ልበትነው» አለች ዶሮ! ምቀኛ! ሰሃን ይዘው እየመጡ እኮ ነው! ምን ላብላቸው?

ስንዱ፦ አንተ ምንም አታበላቸውም። ድንች አለ፣ ሽንኩርት አለ፣ ቃሪያ አለ፤ ያንተ እሳትም ገና አሁን ፍም ሆነ። ድንቹን ረመጥ ውስጥ እቀብራለሁ፤ እስኪደርስ ራሳቸው ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ይማራሉ። ለዚያ አይደል የመጡት?

ዳምጠው፦ እነግራቸዋለሁ! ሁሉንም እነግራቸዋለሁ! ማን እንደሆንሽ ዛሬ ያውቁሻል!

ስንዱ፦ ንገራቸው። ድምፅህን ከፍ አድርገህ «ስንዱ እራታችሁን አመድ ላይ ደፋችው» በል። «ለምን ደፋሽው?» ብለው የሚጠይቁት ግን እኔን ነው።