በአባት እፍኝ የሚለካ መድኃኒት

ዓምና እዚህ ካሜሩን፣ የንጋውንዴሬ ገበያ ላይ ማሽላ ልገዛ ወጥቼ፣ በመድኃኒት አዋቂው በባባ ጂዳ ምንጣፍ ፊት ሰው ተሰብስቦ አገኘሁ። የጎረቤቴ ልጅ ኩልሱሚ ተንበርክካ ትለምናቸዋለች። ዩኒቨርሲቲ ዕፅዋት የምትመረምር ልጅ ናት። አጠገቧ ሥጋ ሻጩ ባካሪ፣ የሚጥል በሽታ ያለባትን የስድስት ዓመት ልጁን ዱዱን ታቅፎ ቆሟል።

«እባክዎ አባባ፣ በእሱ እፍኝ አይስፈሩላት።»

«በማን እፍኝ ልስፈር ታዲያ? የልጅ መድኃኒት የሚለካው በአባቷ እጅ ነው። አባቴም እንዲሁ ነው ያደረጉት።»

«የባካሪን እጅ አይተውታል?»

ሁላችንም አየነው። የበሬ ጭን በአንድ እጁ የሚያነሣ ሰው ነው። አፍሮ እጁን ቀሚሱ ውስጥ ከተተ።

«ባለፈው ወር በእሱ እፍኝ የሰፈሩላትን ሥር ጠጥታ ሁለት ቀን ሙሉ አልነቃችም።»

«አልወደቀችም ግን።»

«የተኛ ሰው የት ይወድቃል አባባ?»

ገበያተኛው ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም።

«መድኃኒቴን ለአይጥ አጠጣሽ አሉ። አይጥ ምኗን ታማ?»

«እኛው ነን በመርፌ ወግተን የምናንዘፈዝፋት። ውሃ ብቻ የጠጡት ሁሉም ተንዘፈዘፉ። የእርስዎን ሥር በልኩ ከጠጡት አሥር ግን ሰባቱ ደህና ዋሉ።»

«ሰባቱ?» ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ደስታቸውን ለመደበቅ ነበር። «በማን አባት እፍኝ ለካሽ?»

«በሚዛን። ሦስት እጥፍ ከሰጠናቸው ውስጥ አራቱ እንደተኙ ቀሩ።»

ባባ ጂዳ ዱዱን ቀና ብለው አዩዋት።

«ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም?»

«ሦስት ገበያ ሙሉ ተመላለስኩ። የአይጥ ሐኪም ብለው አባረሩኝ።»

«ብያለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሺ፣ የዚህች ልጅ ልክ ስንት ነው?»

«አላውቅም አባባ። ሰው አይጥ አይደለም። እስክናውቀው ድረስ የጤና ጣቢያውን ኪኒን ሳታቋርጥ ትዋጥ።»

«አላውቅም ለማለት ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?»

«አዎ።»

የዕድሜውን ግማሽ በአዋቂነት ለኖረ ሰው «አላውቅም» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ እኔም አስተማሪ ነኝና አውቃለሁ። ባባ ጂዳ ግን ለዱዱ የለዩትን ሥር አንሥተው ወደ ከረጢቱ መለሱ፤ ከረጢቱንም ለኩልሱሚ ሰጧት።

«በበጋ የተቆፈረ ነው። የክረምቱ ኃይሉ ሌላ ነው፤ እሱን ለብቻ መዝኚው። ይህን ሚዛንሽ አይነግርሽም።»

ኩልሱሚ ደብተር አውጥታ ጻፈች።

ዛሬ ሽማግሌው ልኩ ያልታወቀ ሥር ለልጅ አይሰጡም፤ የመጣውን ሁሉ አስቀድመው ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ። ገበያቸው ይቀዘቅዛል ያልን ተሳስተናል፤ «አላውቅም» የሚሉ መድኃኒት አዋቂ ናቸው ተብሎ ከሩቅ ሰፈር ሳይቀር ሰው ይመጣላቸዋል። ዱዱ ኪኒኗን ትውጣለች፤ በዚህ ዓመት የወደቀችው አንዴ ብቻ ነው። እኔ ክፍል ገብታለች። ከደወል እስከ ደወል ታወራለች፤ እስካሁን ዝም በይ ብያት አላውቅም።