መናኸሪያ የታየችው ዶሮ

ውይ ሩሐማ! ነይ ነይ፣ ጆንያሽን እዚህ ከኔ ኋላ አስቀምጪው። መብራት ሄዶ ወፍጮው ቆሟል፤ ባለወፍጮው ዓሊዩም «ሰብር አድርጉ፣ ታገሱ» ብሎን ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ልጆቹ ደህና ናቸው? ባለቤትሽስ? ተመስገን። ማሽላሽ የቦኬ ነው አይደል? ንጣቱ ያስታውቃል። የሚኤሶው ዘንድሮ ዝናብ ከድቶት እፍኝም አልሆነ… ሰሞኑን ስሄድ አይቼው ነው። መሄዴን መቼም ሰምተሻል። ጭሮ ውስጥ ያልሰማ አለ እንዴ?

ምን ላድርግ ልጄ፣ ልጄን አይናዲስን ምጥ ያዛት ብለው ከሚኤሶ ደወሉልኝ። የመጀመሪያዋ ነው፤ እናት አያስፈልጋትም? ቀኑ ደግሞ የጋሽ ሞገስ ቀብር ሆነ። በእድራችን ደንብ ከቀብር መቅረት የሚችለው የታመመና ሐዘን ላይ ያለ ነው፤ ስለ ወላድ እናት የተጻፈ ነገር የለም። ደንቡን ያረቀቁት ወንዶች ናቸዋ! እና «ወገቤ ተይዟል» ብዬ ላክሁ። ዋሸሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስቀብር ኖሬ አንድ ቀን ዋሸሁ። ልጅቷ በሰላም ተገላገለች፣ ወንድ ነው፣ ተመስገን።

እንዲህ ያለ ቀን ነው ታዲያ ጠንቃቃ ሰው የሚያስፈልገው! በእድራችን አንድ ሰው አለ… ስሙ ምን ያደርግልሻል። ባለቤትሽ በደንብ ያውቀዋል። በጣም ይቀራረባሉ አሉ፤ እንዲያውም በአንድ ጫማ ነው የሚሄዱት።

ምን ዓይነት ሰው መሰለሽ! እኛ ያየነውን እንረሳለን፣ እሱ ያላየውንም ያስታውሳል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባል የለ? እሱ እኮ ጅቡ ገና ከጉድጓዱ ሳይወጣ ነው የሚጮኸው! ኩብራ አጥሯን አንድ ክንድ ወደ መንገድ ብትገፋ፣ ቀበሌው ከአናጢው በፊት ሰማ። የብሩኬ ባጃጅ አንድ ቀን ያለ ታርጋ ብትወጣ፣ ትራፊኩ ገና ከሰፈሩ መታጠፊያ ላይ ጠበቃት። ልጆች ሳለን እንዲህ የሚያደርገውን «አሳባቂ» ብለን ከጨዋታ እናስወጣው ነበር። ጺም ሲያወጣ ግን «ጠቋሚ» ይባላል፤ ስብሰባ ላይም ከፊት ያስቀምጡታል። መቼም ሰው ያድጋል!

እና ለእድሩ ዳኛ ምን አለ? «ወይዘሮ እንቁ ወገባቸው አልተያዘም። መናኸሪያ የሚኤሶ ሚኒባስ ሲሳፈሩ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ገብስማ ዶሮ ታቅፈዋል።» ገብስማ! በጥድፊያ ገዝቼ ስሮጥ እኔ እንኳ ቀለሟን ልብ አላልኩም። ስንት ሰዓት ላይ ሲሉት «ልክ ስድስት ተኩል» አለ። ጎበዝ አይደል? ደቂቃ እንኳ አይስትም!

…ስድስት ተኩል። ሬሳው ከቤት የወጣው ስንት ሰዓት ነበር ሩሐማ? አንቺ ነበርሽ፣ እኔ አልነበርኩም። ስድስት ሰዓት ላይ ነው ሲሉ ሰማሁ። ታዲያ ሕዝቡ ሬሳ ሲሸኝ… እሱ ዶሮ ሲያይ… መናኸሪያው ከቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል ነው የሚታየው? ዓይኑ ግድግዳ ይበሳል ማለት ነው! መዝገቡ ላይ ግን «ተገኝቷል» ይላል አሉ። ይበል እንጂ፤ መዝገቡን የሚይዘው ራሱ አይደል?

ምነው ፊትሽ ቀላ? ሙቀቱ ነው። ተቀመጪ እንጂ፣ ወረፋሽን ጥለሽ የት ትሄጃለሽ?

እኔ እንኳ አልተቀየምኩም። እሑድ ስምሽ ይሰረዛል ብለውኛል። ባሌ ሞቷል፣ ልጄ ሚኤሶ ናት፤ ብሞት ድንኳን የሚተክልልኝ፣ ሬሳዬን የሚያነሳልኝ ያ እድር ነበር። ፈርቻለሁ፣ ምን እዋሽሻለሁ። «ሰው ለሰው መድኃኒቱ» ያሉት አባቶች የኛን ሰፈር ሳያዩ ያለፉ ናቸው።

እሑድ ክርክር አልገጥምም። ስለ ሰዓቱ አንዲት ጥያቄ ጠይቄ እቀመጣለሁ፤ መልሱን ሕዝቡ ያግኘው። ከእሑድ በፊት ግን አንድ ሰው ለዳኛው «ዓይኔ ተሳስቶ ነው» ቢል… ሴት ከሴት፣ ዶሮም ከዶሮ ይመሳሰላል እኮ። እስቲ ለባለቤትሽ ንገሪው፣ እሱ ደግሞ ለወዳጁ ይንገረው።

እሰይ፣ መብራቱ መጣ! ግቢ፣ አንቺ ቅደሚ ልጄ። ለዚያ ሰው እኔ ክፉ አልመኝም፣ ይልቅ እመርቀዋለሁ። ዕድሜ ከጤና ይስጠው። የማንም ቀብር አያምልጠው። ቀኑ ደርሶ ለእሱ ጡሩምባ ሲነፋ ደግሞ፣ የቀረነውን ሁሉ ስም በስም የሚመዘግብለት እንደሱ ያለ ታማኝ ሰው አይጣ! …አሜን በይ እንጂ።