የአውሮፕላን ተራ አስከባሪ

ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚኒባስ ስንሄድ ከፊቴ አንዲት ወጣትና አንድ ሽማግሌ ቄስ ተቀምጠው ነበር።

«አባ፣ ፈተናውን አለፍኩ! የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ልሆን ነው!»

«አውሮፕላን ልትነጂ?»

«ኧረ አይደለም! ከመሬት ሆኜ ነው፤ የአውሮፕላን ተራ አስከባሪ በሉኝ።»

«ፈተናው ከበደሽ?»

«በማዳመጫው ብዙ ሰው ባንዴ ይለፈልፋል፤ የተሳሳተውን መለየት ነው። ሌላው ሲደናገር እኔ ሳቄ መጣ።»

«ምነው ልጄ?»

«አባቴ የኔታ ናቸው። ተማሪው ሁሉ የየራሱን ዳዊት ባንዴ ሲጮህ፣ እሳቸው ማን እንደሳተ ያውቃሉ።»

«አንቺም ተምረሻል በያ!»

«ሴት ነሽ ብለው ከለከሉኝ። ከጓዳ ሆኜ ግን የሳተውን ከሳቸው ቀድሜ እለይ ነበር።»

«ይህን ያውቃሉ?»

«ዛሬ ልነግራቸው ነው!»

ወቅን ላይ መውረድ ሲገባኝ ጨዋታቸውን አቋርጬ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።