የኬላው ገመድ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ከጅማ ወደ የቡ ስንሄድ፣ ልክ የድሮው ኬላ ጋ ስንደርስ የታክሲያችን ጎማ ተነፈሰ። ተሳፋሪው ሁሉ ሲያጉረመርም ደስ ያላቸው እዚያው መንገድ ዳር ያለው ሻይ ቤት ባለቤት ጋሽ ሸኩር ብቻ ነበሩ።

«አልሃምዱሊላህ፣ ዛሬስ መኪና ቆመልኝ» ብለው ሻይ ጣዱ።

ኬላው እያለ መኪና ለፍተሻ ሲሰለፍ የእሳቸው ጨጨብሳ ገና በጠዋት ያልቅ ነበር። ኬላው ከተነሳ ወዲህ ግን ሹፌሩ ሁሉ ጥሩምባ እየነፋላቸው ያልፋል። ጎረቤቶቻቸው ሱቃቸውን ነቅለው ሄደዋል። እሳቸው ግን ፈታሾቹ ጥለውት የሄዱትን ገመድ ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ ኬላው ይመለሳል ብለው ይጠብቃሉ።

ከእኛ ጋር የተሳፈረችው ልጃቸው ሰሊማ ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ ልብስ ትሰፋለች። ገና ሳትቀመጥ ጀመረች።

«አባ፣ እዚያው ሰፈራችን፣ የቡ መናኸሪያ አጠገብ ቤት አግኝቼልዎታለሁ። አሁን ሰው የሚቆመው እዚያ ነው።»

«ስንት ዘመን እንጀራ የበላሁበትን ቦታ ጥዬ? ኢንሻአላህ ገመዱ ይመለሳል።»

እኔ መምህር ነኝ፤ ነገር ሲያልፈኝ አልወድም። «ጋሽ ሸኩር፣ ጨጨብሳዎ ከጣፈጠ ሰውን በገመድ መያዝ ለምን አስፈለገ?» አልኳቸው።

«መምህር፣ የእርስዎ ደሞዝ መኪና ቆመም አልቆመም ይመጣል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሻዬን ፉት አልኩ።

ሰሊማ ግን አልለቀቀቻቸውም።

«ኬላው እያለ የት ነበር የማድረው?»

«ሄርማታ፣ በኪራይ።»

«ለምን?»

«ፍተሻው ሥራ እያስረፈደሽ ነዋ።»

«አሁንስ?»

ጋሽ ሸኩር ማንኪያቸውን ይዘው ቆሙ። «አሁንማ ቤትሽ ታድሪያለሽ። እራት አብረን እንበላለን» አሉ ቀስ ብለው።

«ገመዱ ከተመለሰ እኔም ወደ ኪራይ ቤቴ እመለሳለሁ። ይምረጡ።»

አንጀቴን በላችው፤ የአባቷም ፊት ተለወጠ።

«ኤጋ፣ እንግዲህ ገመድ ከልጅ አይበልጥም» አሉ። «ግን የቡ ሻይ ቤት ሞልቷል፤ ማን እኔ ጋ ይገባል?»

ጎማ የሚቀይረው ሹፌር ሰምቶ ኖሮ፣ «እኔ እገባለሁ» አለ። «እዚህ የማልቆመው ተሳፋሪ ስለሚቆጣኝ ነው። ከየቡ የምነሳው ግን እንደ እርስዎ ያለ ጨጨብሳ አጥቼ ቁርስ ሳልበላ ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ መንገድ ሲከፈት የሰው መኖሪያና መሥሪያ ይለዋወጣል። ሠራተኛ ከገዛ ቤቱ ወጥቶ ይገባል፤ ነጋዴም ገበያው ወዳለበት ይሄዳል። ኬላ ጥግ የኖረ ሰው ይጎዳል፣ አልዋሽም። ነገር ግን ሰው እንደ ዛፍ ሥር የለውም፤ እግር አለው።

ትናንት የቡ ስደርስ ጋሽ ሸኩር ጠረጴዛና ድስታቸውን ከአይሱዙ ላይ ሲያወርዱ አገኘኋቸው። ዕቃው የታሰረው በዚያው በኬላው ገመድ ነበር።

«አዩ መምህር» አሉኝ እየሳቁ፣ «እሱም ሥራ አገኘ።»